ከስቶክሆልም እስከ አዲስ አበባ ያለ ማረፍ
የኮንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን አጭር የሕይወት ታሪክ

ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ የሚለው የአባቶቻችን ተረት፣ አሳቡና ኃይሉ ላልተመጣጠነ ሰው የተነገረ ነው። ነገር ግን ሩቅ አስቦ ሩቅ ያደረ ሰው በተገኘ ጊዜ፣ እንዴት አድርጎ እንደ ደረሰ መርምሮ ማወቅ ለተማሪ ትልቅ ጥቅም ይሰጣል። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ታሪካቸውን ባጭሩ ላቀርብላችሁ የመረጥኋቸው ሰው ኮንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ናቸው። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በሜይ ወር 1947፣ ማለት በእኛ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም.፣ አንድ ሞተር ብቻ ባላት ትንሽ አይሮፕላን ከስዊድን ዋና ከተማ ከስቶክሆልም ተነሥተው፣ በመካከሉ በየትም ሳያርፉ አዲስ አበባ ገቡ። የመንገዱ ርዝመት ከ6,200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጊዜውም 31 ሰዓት ያህል ነበር። ይህ ዓመት በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የተቋቋመበት ዓመት ስለ ሆነ፣ ለምዕራብ ሸዋ ልጆች በቀላሉ የሚታወስ ነው።

ፎን ሮዘን ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 1909) በስዊድን አገር ከመሳፍንት ወገን ተወለዱ። አባታቸው ኮንት ኤሪክ ፎን ሮዘን አፍሪካን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጠው የጐበኙ አገር አሳሽ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1918ም ለፊንላንድ አንድ አይሮፕላን በስጦታ ሰጥተዋል። ልጅየውም አይሮፕላን መንዳት ተማሩና በወጣትነታቸው በአየር ላይ እየተገለባበጡ ለሕዝብ ትርኢት ያሳዩ ነበር። እስከዚህ ድረስ ሲታይ ሕይወታቸው የሀብታም ልጅ ጨዋታ ይመስላል። ጨዋታውን ወደ ቁም ነገር የለወጠው የአገራችን መከራ ነው።

በ1928 ዓ.ም. መስከረም ወር የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፣ ስዊድን ለአገራችን እንግዳ አልነበረችም። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሁሉ በሚያልፍባት በሆለታ፣ ካፒቴን ቪኪንግ ታም በተባሉ ሰው የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት ከፍተው ወጣቶቻችንን ያስተምሩ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ደግሞ የስዊድን ቀይ መስቀል በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር መሪነት የሕክምና ጓድ ላከ። ይህ ጓድ በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ በተባለው ስፍራ ሰፍሮ ሳለ በኢጣልያ አይሮፕላኖች ተደበደበ። የ26 ዓመት ወጣት የነበሩት ፎን ሮዘን ደግሞ ለቀይ መስቀል አገልግሎት አይሮፕላን ይዘው መጡና፣ ቁስለኛና መድኃኒት እያመላለሱ መሥራት ጀመሩ። መንደርደሪያ ባልተሠራለት ሜዳ ላይ ማረፍና መነሣት፣ ከጠላት አይሮፕላን መሸሸግ፣ ቤንዚን በሌለበት ቤንዚን መፈለግ የየቀኑ ሥራቸው ሆነ። ማርሴል ዡኖ የተባሉትን ስዊሳዊ የቀይ መስቀል ሐኪም ይዘው ወደ ኮረም በሄዱ ጊዜ፣ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረባት አይሮፕላናቸው መሬት ላይ እንዳለች በቦምብ ወደመች። እርሳቸውም ራሳቸው በመርዝ ጋዝ ተቃጥለው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በሆላንድ የአየር መንገድ ድርጅት ውስጥ የመንገደኛ አይሮፕላን ነጂ ሆነው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1939 ሶቭየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወጋ ግን ሥራቸውን ትተው ሄዱ። ወደ ቦምብ ጣይነት በተለወጠ አንድ የመንገደኛ አይሮፕላንም ለፊንላንድ ተዋጉ። የእናታቸው እኅት የሄርማን ጐሪንግ ሚስት የነበረች ስለ ሆነ፣ ለዚህ ሰው በናዚ ጀርመን ዘንድ ክብርና ሹመት ማግኘት የሚያስቸግር አልነበረም። እርሳቸው ግን አስቀድመው ከተወጋው ወገን ጋር መቆምን መርጠው ነበር።

ኢትዮጵያ ነፃነቷን ከተመለሰች በኋላ አየር ኃይሏን እንደ ገና ስታቋቁም፣ ፎን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1945 ተጠርተው መጡ፤ እስከ 1956ም ድረስ በቢሾፍቱ የኢትዮጵያን ልጆች በማሠልጠንና አየር ኃይሉን በማደራጀት አገለገሉ። ለማስተማሪያ ከተመረጡት አይሮፕላኖች አንዷ በስዊድን የሳብ ፋብሪካ የተሠራችው ሳፊር ነበረች። ሳፊር ማለት ሰንፔር፣ ያ የከበረ ድንጋይ ማለት ነው። ሞተሯ 145 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። እንደ ተሠራች የምትጓዘው ከ1,000 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም ነበር። እንግዲህ በዚች ለተማሪ መለማመጃ በተሠራች አይሮፕላን 6,200 ኪሎ ሜትር ያለ ማረፍ ለመሄድ ማሰብ፣ ላልመረመረው ሰው እብደት ይመስላል። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን የካይሮ ጉዞ ያደረገው እንኳ ሁለት ሞተር ባለው ትልቅ አይሮፕላን፣ አሥመራ ላይ አርፎ ነበር።

ይሁን እንጂ የረጅም መንገድ ምሥጢር ከመነሣት በፊት በሚሠራ ሒሳብ ላይ ነው። ወንጌል እንደሚያስተምረን፣ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቈጥራል። የጉዞውን ሒሳብ እኛም በክፍላችን በተማርነው ልንሠራው እንችላለን። መንገዱን ለጊዜው ስናካፍለው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ለመድረስ በዚህ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል። እንዲህ ያለ ሞተር በሰዓት 30 ሊትር ያህል ቤንዚን ይጠጣል ብንል፣ ለ31 ሰዓት 930 ሊትር ያስፈልጋል። ይህም በክብደት ከ650 ኪሎ በላይ ነው። አይሮፕላኗ ግን ባዶዋን ወደ 600 ኪሎ ብቻ ትመዝናለች። በዚህ ግምት ስንቋ ከራሷ ሊበልጥ ነው! ስለዚህ ተጨማሪ የቤንዚን ጋን ማስገባት፣ የማያስፈልገውን ዕቃ ሁሉ ማስቀረት፣ ሞተሩንም በቍጠባ መንዳት ግድ ይሆናል። ሲራራ ነጋዴ በአህያው ላይ የሚጭነውን ስንቅና ሸቀጥ መዝኖ እንደሚነሣ፣ አይሮፕላን ነጂም ሊትሩን በኪሎ መዝኖ ይነሣል።

ሁለተኛው ሒሳብ የአቅጣጫ ነው። ከስቶክሆልም እስከ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ አውሮፓን፣ የሜዲቴራኒያንን ባሕርና የሰሜን አፍሪካን በረሃ የሚያቋርጥ፣ በአብዛኛው ወደ ደቡብ የሚወርድ ነው። ነጂው በኮምፓሱ ላይ በአንድ ዲግሪ ብቻ ወደ ምዕራብ ቢስትና ሳያርመው ቢቀር፣ በ6,200 ኪሎ ሜትር መጨረሻ ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከመንገዱ ይወጣል። ይኸውም አዲስ አበባ እገባለሁ ሲል በአምቦ ሰማይ ላይ ይገኛል ማለት ነው። ቤንዚኑ ባለቀበት ሰዓት ይህ ስሕተት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ሦስተኛው የንፋስ ሒሳብ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚገፋ የፊት ንፋስ በ31 ሰዓት ውስጥ 620 ኪሎ ሜትር ይወስዳል፤ ይህም የሦስት ሰዓት ቤንዚን ነው። መጠባበቂያ ያልያዘ መንገደኛ በዚህ ጊዜ ከበረሃው ላይ ይወርዳል።

አራተኛው የከፍታ ሒሳብ ነው። ስቶክሆልም ከባሕር ጠርዝ ላይ ያለች፣ አየሯም ቀዝቃዛና ወፍራም ስለ ሆነ፣ የከበደች አይሮፕላን ከዚያ ስትነሣ ክንፏን አየሩ በደኅና ይሸከመዋል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ በዚህ ስስ አየር ላይ ሞተርም ክንፍም ይደክማሉ። ነገር ግን ወደ ደጋው በሚወጣበት ሰዓት ቤንዚኑ ስለ ተቃጠለ አይሮፕላኗ ቀላለች። ጉዞው ከዚህ ወደዚያ ቢሆን ኖሮ ሸክሙ ከስሱ አየር ጋር ተደርቦ ችግሩ ይበዛ ነበር። በዚህ ሁሉ ላይ የሰው ድንበር ሒሳብ ይታከላል። ሰማይ ወሰን የለውም ይባላል እንጂ፣ አይሮፕላን በየመንግሥቱ ምድር ላይ የሚያልፈው በፈቃድና በሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ የሲቪል አቪየሽን ውል በሥራ ላይ የዋለው ከዚሁ በረራ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በአፕሪል 4 ቀን 1947 ነበር።

ፎን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1956 ከአየር ኃይላችን ከተሰናበቱ በኋላም ዕረፍት አላገኙም። በ1960 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በናይጄሪያ የርስ በርስ ጦርነት ምክንያት በቢያፍራ ሕፃናት በረሀብ ሲያልቁ፣ እርዳታ የጫነ አይሮፕላን ዝቅ ብለው እየነዱ ከበባውን ሰብረው ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ትናንሽ የስዊድን አይሮፕላኖችን ሮኬት አስታጥቀው በናይጄሪያ የአየር ማረፊያዎች ላይ ጥቃት መሩ። በዚህ ሥራ የሚያመሰግኗቸውም የሚነቅፏቸውም ብዙዎች ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ቍስለኛ ያነሣ እጅ ሮኬት ሲያነሣ ማየት ያሳዝናል። በመርዝ ጋዝ የተቃጠለና የቀይ መስቀል አይሮፕላኑ በቦምብ የነደደችበት ሰው ምሕረት ብቻውን ግፍን አያቆምም ብሎ ቢያስብ ግን ምክንያቱን መረዳት አያዳግትም። መረዳት ሌላ ነው፤ ማመስገን ሌላ ነው። ሮኬቱ ጦርነቱን አላሸነፈም፤ እንጀራው ግን የስንቱን ሕፃን ነፍስ አቆየ።

ይህንንም እርሳቸው ራሳቸው በሥራ ያሳዩ ይመስለኛል። በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በረሀብ ስትጠቃ ሽማግሌው አብራሪ ወደ አገራችን ተመለሱ። መንገድም የአይሮፕላን ማረፊያም ወደሌለበት ስፍራ በትናንሽ አይሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ የእህል ከረጢት ለተራበው ሕዝብ ይጥሉ ነበር። በዚያችው ዓይነት ትንሽ አይሮፕላን ሮኬት የተሸከሙት ክንፎች አሁን እህል ተሸከሙ። በመጨረሻም ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በሶማሌ ጦርነት ጊዜ በኦጋዴን በጎዴ ሳሉ በደረሰ የጠላት ጥቃት ተገደሉ። ዕድሜያቸው 67 ዓመት ነበር።

የዘንድሮ ተመራቂ ጓደኞቼ ሆይ! ከእኛ መካከል አይሮፕላን የሚነዳ ይኖር ወይም አይኖር አላውቅም። ሁላችንም ግን ረጅም መንገድ ልንጀምር ነው። ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጌዶ፣ ከጊንጪ ወጥቶ ወደ ሩቅ ትምህርትና ሥራ መሄድ ለብዙ ቤተ ሰብ ያለውን ጥሪት ሁሉ የሚያስወጣ ጉዞ ነው። በሐሳባችን መጀመሪያ ላይ የምንስታት አንዲት ዲግሪ በዓመታት መጨረሻ ካላሰብነው ስፍራ ታደርሰናለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው፣ ስንቃችንን ሳንመዝንና አቅጣጫችንን ሳናርም አንነሣ። ከመድረስም ይልቅ የሚበልጠው ጥያቄ ክንፋችን የሚሸከመው ምንድን ነው የሚለው ነው። ኮንት ፎን ሮዘን ቁስለኛም፣ ሮኬትም፣ እህልም ተሸክመዋል። የኢትዮጵያ ድኻ የሚያስታውሳቸው ግን በፊተኛውና በኋለኛው ጭነታቸው ነው።