መንገድ ሲዘጋ፦ የአናሲሞስ ነሲብ ሕይወት

የሳምንቱ ንባብ፦ ወደ ፊልሞና 1፥8-18



ከመካከላችን ጅቡቲ ከተማ ወርዶ ወደቡን ያላየ ጥቂት ነው። መርከቡ ይመጣል፣ መርከቡ ይሄዳል፤ እኛ ግን እዚሁ ነን። ወደ ማዶ መሻገርም ሆነ ወደ አገር ቤት መመለስ ለብዙዎቻችን ዝግ ነው። ዛሬ የምናስባቸው ሰውም ከዚህ በስተ ሰሜን፣ በቀይ ባሕር ዳር ምጽዋ አጠገብ፣ የአገራቸው መንገድ ተዘግቶባቸው ብዙ ዓመት ኖረዋል።

መጀመሪያ ስሙ ሂካ ነበር። በ1856 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞቱ። በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት። በስምንት ጌቶች እጅ አልፎ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አወጣውና በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገባው። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ፤ አናሲሞስም ተባለ። ጳውሎስ ለፊልሞና ስለ እርሱ የለመነለት ባሪያ ስሙ ይኸው ነው፤ ትርጉሙም ጠቃሚ ማለት ነው። እስቲ ልብ በሉ፤ ስንት ጊዜ ዋጋ ተቆርጦለት የተሸጠ ልጅ፣ አሁን ዋጋው በገበያ ሳይሆን በክርስቶስ ሆነ።

አናሲሞስ ከዚያ ስዊድን ሄደው አምስት ዓመት ተማሩ። አውሮፓ የገባ ሰው ወደዚህ ሙቀት ይመለሳል ወይ ትሉ ይሆናል። እሳቸው ተመለሱ። ምሕረት ኃይሉን አገቡና ወንጌልን ለኦሮሞ ወገናቸው ሊያደርሱ ተነሡ። በኢትዮጵያ በኩል መንገዱ ስለተዘጋ በሱዳን ዞሩ። አሶሳ ድረስ ደርሰው፣ ማለፍ ስላልተቻለ ተመለሱ። በመንገድ ትኩሳት ጣላቸው። በሚያዝያ 1882 ካርቱም ሲገቡ የማህዲ ጦርነት ተጀምሯል። እንደገና ምጽዋ አጠገብ ወዳለችው ምንኩሉ። ሌላም ጊዜ ሞከሩ፤ ያም አልሆነም።

ዓላማው ቅዱስ ነበር፤ መንገዱ ግን እምቢ አለ። ፕሮሰሱ ቆመ፣ ፋይሉ አልተገኘም የተባለ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። ታዲያ አናሲሞስ ምን አደረጉ? መሄድ ካልቻልኩ ቃሉ ይሂድ ብለው ይመስላል፣ ምንኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዙ።

እዚህም ላይ አንድ ፈተና ገጠማቸው። በልጅነታቸው ከወገናቸው ስለተለዩ የገዛ ቋንቋቸው አነሳቸው። አውሮፓ ለተማረ ሰው ይህን ማመን ቀላል አይደለም። ያን ጊዜ አስቴር ጋኖ የምትባል ልጅ ነበረች። በ1886 ለባርነት ወደ ዐረብ አገር በጀልባ ስትወሰድ ጣሊያኖች አስጥለዋት፣ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት የተማረች ናት። ባዶ እጇን መጣች እንዳንል፣ ቋንቋዋን ይዛ መጥታለች። 500 ያህል ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ጽፋ ሰበሰበች፤ በመዝገበ ቃላቱም በትርጉሙም አገዘች። መምህሩ ከልጅቱ ተማሩ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ።

አናሲሞስ ወለጋ የገቡት በ1904 ነው፤ ከተነጠቁ 35 ዓመት በኋላ። ነቀምት ላይ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። ግን መከራው አላበቃም። በ1906 ተከስሰው አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ይሰደዱ ተባለ። አፄ ምኒልክ ነቀምት እንዲኖሩ ፈቀዱላቸው፣ እንዳይሰብኩ ግን ከለከሏቸው። ያን ሁሉ ዓመት የናፈቁት አገር ገብተው ዝም በል ተባሉ። እሳቸውም ማስተማር ቀጠሉ። የመስበክ ፈቃድ ያገኙት በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። በ1931 እስኪያርፉ ድረስም አገለገሉ። ሕዝቡ አባ ገመቺስ፣ የደስታ አባት ይላቸዋል።

ወገኖቼ፣ ራስን ለእግዚአብሔር መስጠት ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። አናሲሞስ በሩን ደጋግመው አንኳኩተዋል። እናንተም ካርዳችሁን አሳድሱ፣ ቢሮ ሂዱ፣ ጠይቁ። ነገር ግን በሩ እስኪከፈት ሕይወት አልጀመረም አትበሉ። ዕቅዱን ለጌታ ስጡት፣ እጃችሁን ለሥራ አንሡ። በጥቂት መኖርም እንዲሁ ነው። ማጣት በራሱ ጽድቅ አይደለም፤ ራሽን ሲቀንስ ደስ ይበላችሁ የሚል ቃል የለም። በጥቂት መኖር ማለት ያለችውን ትንሽ ነገር አለመናቅ ነው። አንዷ ፈረንሳይኛ ትችላለች፤ የታመመች ጎረቤቷን ሐኪም ቤት ታስተርጉምላት። አንዱ ፊደል ያውቃል፤ ጥላ ሥር ሦስት ልጆች ሰብስቦ ያስተምር። አዛውንቶች ተረት ያውቃሉ፤ እዚህ የተወለዱ ልጆች የአገራቸውን ቋንቋ ከማን ይስሙ?

ለመወያየት፦
1. እስካሁን ለጌታ ያልሰጣችሁት ዕቅድ የቱ ነው?
2. በአጠገባችሁ ያለች፣ ያላስተዋላችኋት አስቴር ማን ናት?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ የተዘጋውን መንገድ አንተ ታውቃለህ። ክፈትልን። እስክትከፍትልን ድረስም በእጃችን ባለው እንድናገለግልህ ጉልበት ስጠን። አሜን።