ሻምበል አበበ ቢቂላና የአበረታች መድኃኒት ሕግ

በአምቦ፥ በጊንጪና በጀልዱ ሩጫ የሚወዱ ወጣቶች ሁሉ የሻምበል አበበ ቢቂላን ስም ያውቃሉ። የሮጠበት ዘመን እንዴት ያለ ዘመን እንደ ነበረ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ይመስሉናል።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ካደገ በኋላ ክቡር ዘበኛ ገብቶ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ ወደቀ። በ1927 ዓ.ም. በተከፈተው በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት የስዊድን መኮንኖች ናቸው፤ ኒስካነንም ከጠላት ወረራ በኋላ የእነርሱን ፈለግ ተከትሎ የመጣ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ኰረብታዎች ላይ ወታደሮቹን ሲያስሮጥ ሰዓታቸውን እየለካ ይመዘግብ ነበር። አበበም ገና ወደ ሮም ሳይሄድ በዚሁ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ጨረሰ።

የ1952 ዓ.ም. የሮም ኦሊምፒክ በኀዘን ተጀመረ። ነሐሴ 20 ቀን በብርቱ ሙቀት ይወዳደር የነበረው የዴንማርኩ ብስክሌተኛ ክኑድ ኢኔማርክ የንሰን ወድቆ ሞተ። አሠልጣኙ የደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት ሰጥቶት ነበር መባሉ ሲሰማ ብዙዎች ደነገጡ። ከዚያ በ15ኛው ቀን፥ ይኸውም በዘመን መለወጫ ዋዜማ በጳጉሜን 5፥ አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። በቶኪዮም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ አምስት ሳምንት ያህል ቢሆነው ነው፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረ።

በሁለቱም ጊዜ የማራቶን አሸናፊ ሽንቱን ለምርመራ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የኦሊምፒክ ሕግ አልነበረም። ታዲያ ካልተመረመረ ንጹሕነቱ በምን ይታወቃል የሚል አይጠፋም። በእኛ አስተያየት የኒስካነን የልምምድ ሰዓትና የአገሩ ከፍታ ነገሩን ያስረዳሉ፤ በእርሱ ላይ የተነሣ ክስም የለም። ሕግ በሌለበት ሌሎች ምን ያደርጉ እንደ ነበር ግን እናውቃለን። በአሜሪካ ቤዝቦል፥ ማለት ኳስን በዱላ መትቶ በሚሮጥበት ጨዋታ፥ ደመወዝ የሚከፈላቸው ተጫዋቾች አምፌታሚን የተባለውን እንክብል ከግጥሚያ በፊት መዋጥን ልማድ አድርገውት ነበር። ለዚህ እንክብል ምርመራና ቅጣት የተደነገገው ዘግይቶ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በ1998 ዓ.ም. በተጀመረው የውድድር ወራት ነበር።

ኦሊምፒክ ምርመራውን የጀመረው በ1960 ዓ.ም. በክረምቱ ውድድር፥ ቀጥሎም በሜክሲኮ ነው። በሜክሲኮ የተቀጣው ስዊድናዊ ጥፋቱ ቢራ መጠጣት ነበር። የጠጅ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ሰውዬው ከሚወዳደርባቸው አምስት ዓይነቶች አንዱ ተኩስ ስለ ነበረ፥ እጅን ከመንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ መጠጥ እንደ ማታለል ተቈጠረ። አበበ ግን እግሩን ታሞ ስለ ነበር ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ።

በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ታክሞ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት እስከ መወዳደር ደረሰ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐርፎ አዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

የጀልዱው ተወላጅ ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ በወጣበት በ2008 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ኢትዮጵያን ከኬንያ፥ ከሞሮኮ፥ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር የምርመራ ሥራቸው ደካማ ነው ካላቸው አምስት አገሮች ውስጥ አስገባት። ከዚያ ወዲህ ምርመራው ጠብቋል። ከአምቦም ሆነ ከጊንጪ ተነሥቶ በዓለም የምርመራ መዝገብ የሚገባ ሯጭ፥ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ቢታጣ፥ መድኃኒት ባይገኝበትም እንኳ ይቀጣል።