ፈረንትስ ፍሪቻይ እና የሬዲዮው ኦርኬስትራ

ሬዲዮ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ዜናና ማስታወቂያ ነው። በአውሮፓ ግን የራሳቸው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ያላቸው ጣቢያዎች አሉ። ከነዚህ አንዱን በእግሩ ስላቆመው ስለ ፈረንትስ ፍሪቻይ ትንሽ ላጫውታችሁ።

ፍሪቻይ እ.ኤ.አ. በ1914 ቡዳፔስት ተወለደ። አባቱ የወታደር ማርሽ ባንድ መሪ ስለነበሩ ሙዚቃን የጀመረው ከቤቱ ነው። በቡዳፔስት የሙዚቃ አካዳሚ እነ ባርቶክና ኮዳይ አስተምረውታል። ገና ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ሰጌድ በምትባል ከተማ ኦርኬስትራ መምራት ጀመረ፤ እዚያም አሥር ዓመት ገደማ ቆየ።

ነገር የመጣው በጦርነቱ ጊዜ ነው። በ1942 አይሁድ ሙዚቀኞችን ልቅጠር በማለቱ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ። በ1944 ጀርመኖች ሀንጋሪን ሲይዙ ደግሞ ጌስታፖ ሊያስረው መሆኑን የከተማው ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ አስቀድሞ ነገረው። እሱም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ቡዳፔስት ተደበቀ። ያ ጋዜጠኛ ዝም ቢል ኖሮ ቀሪው ታሪክ ባልኖረ ነበር።

በ1947 ሳልዝበርግ ላይ ኦቶ ክሌምፐረርን ተክቶ አዲስ ኦፔራ መራና ስሙ ገነነ። በቀጣዩ ዓመት ወደ በርሊን ሄደ። ከተማዋ ገና ከፍርስራሽ አልወጣችም። በአሜሪካኖች ክልል የነበረው ሪያስ ሬዲዮ በ1946 ኦርኬስትራ አቋቁሞ ነበርና ፍሪቻይ የመጀመሪያው ዋና መሪ ሆነ። ልምምድ ላይ ጥብቅ ነበር፤ ማይክሮፎን ስህተትን አይደብቅማ! የቀረጿቸው ሸክላዎች ኦርኬስትራውን ከበርሊን ውጭም አሳወቁት።

በ1953 የአሜሪካኖቹ ገንዘብ ሲቋረጥ ግን ሙዚቀኞቹ አልተበተኑም፤ የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው ቀጠሉ። በ1956 ስማቸው የበርሊን ሬዲዮ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተባለ። ፍሪቻይ በመሀል ሂዩስተንና ሙኒክ ሠርቶ በ1959 ተመለሰላቸው። ሲመለስ ግን ታሞ፣ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ነበር። ያም ሆኖ በ1960 ከሽቱትጋርት ሬዲዮ ኦርኬስትራ ጋር ሲለማመድ የተቀረጸው ፊልም ዛሬም ይታያል። የበርሊን ግንብ በተሠራ በሁለተኛው ወር፣ መስከረም 1961፣ አዲሱን የዶይቸ ኦፐር ቤት በሞዛርት ዶን ጆቫኒ የከፈተውም እሱ ነው።

በየካቲት 1963 በ48 ዓመቱ ባዝል ውስጥ አረፈ። ኦርኬስትራው ግን ከ1993 ጀምሮ የጀርመን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በርሊን እየተባለ አሁንም ይጫወታል። ገንዘቡም መሪውም ሄደዋል፤ ያቆየው አብሮ የመሥራት ልማዱ ነው እላለሁ።