ማትቬይ ብሮንሽቴይንና የስበት ኃይል ጥያቄ

ከግሸን አምባ ጫፍ የተለቀቀ ድንጋይ ቍልቍል እንደሚወርድ ለማወቅ ተማሪ ቤት መግባት አያስፈልግም። ድንጋዩን የሚስበው ኃይል ግን እስከ ዛሬ ሊቃውንቱን እንዳስቸገረ ነው። በዚህ ነገር አስቀድመው ከደከሙት አንዱ የሆነውን፣ በፊዚክስ ሊቃውንት ዘንድ ስሙ የታወቀውን የማትቬይ ብሮንሽቴይንን ታሪክ ለውድ አንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ብሮንሽቴይን በ1906 በዩክሬን በቪኒትሳ ከተማ ተወለደ። በ1930 ከሌኒንግራድ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በዚያው ከተማ በምርምር ሥራ ተሰማራ።

በዚያን ጊዜ ሁለት ታላላቅ ትምህርቶች ነበሩ። የአይንሽታይን ትምህርት ስበት የቦታና የጊዜ መጕበጥ ነው ይላል፤ የኳንተም ትምህርት ደግሞ ብርሃን በጥቃቅን ፍሬ ተከፋፍሎ እንደሚሄድ ያስረዳል። ሁለቱን ለማስታረቅ ሮዘንፌልድ የተባለ የቤልጅግ ሊቅ በ1930 ጀመረ። ብሮንሽቴይንም በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ ደካማውን ስበት ልክ እንደ ብርሃን በፍሬ ከፍሎ አሰላው፤ ከስሌቱም የኒውተን ሕግ ተመልሶ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ባረፈ ነበር።

እርሱ ግን የገዛ ሥራውን መልሶ መረመረ። የኤሌክትሪክን ኃይል በጠባብ ስፍራ አጥርቶ ለመለካት የመለኪያውን አካል እንደ ልብ ማክበድ ይቻላል። በስበት ግን ክብደቱ ራሱ ሳቢ ነው፤ በጠባብ ስፍራ ከልክ በላይ ቢከማች፣ በዛሬ አነጋገር ጥቁር ጕድጓድ ይሆንና ልኬቱ ይጠፋል። ስለዚህ ለብርሃን የበቃው ሒሳብ ለብርቱ ስበት እንደማይበቃ፣ የቦታና የጊዜ አሳብም ራሱ መለወጥ ሳያስፈልገው እንደማይቀር ጻፈ።

ለልጆችም ስለ ሂልየም ጋዝ መጽሐፍ ደርሷል። ይህ ጋዝ በፀሐይ ላይ ታይቶ ኋላ በምድር የተገኘ ነው። እንዲህ ያለ ሊቅ ለልጆች ለመጻፍ ጊዜ ማግኘቱ ያስደንቀናል።

በኦገስት 1937 በኪየቭ ተያዘ፤ በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1938 በ31 ዓመቱ ተረሸነ። ለሚስቱ ለደራሲዋ ለሊድያ ቹኮቭስካያ ግን ደብዳቤ መጻጻፍ የተከለከለበት የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት ተብሎ ተነገራት። ንጹሕ መሆኑ የታወጀው በ1957 ነው።

ከእርሱ በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አሜሪካዊው ደዊት በ1967 ባወጣቸው ሦስት ጽሑፎች ሁለቱንም ሞከረ፤ አንዱ ስበትን በፍሬ ይቈጥራል፣ ሁለተኛው የቦታን ቅርጽ ራሱን ለኳንተም ሕግ ያስገዛል። የፊተኛው ስሌት መጨረሻ የሌለው ቍጥር እያወጣ ስላስቸገረ፣ የክር ትምህርት የሚባለው ፍሬውን በጥቃቅን ክር ተካው። ከሁለተኛው ወገን የወጣው የቀለበት ትምህርት ደግሞ ቦታ ራሱ በጥቃቅን የተቈራረጠ ነው ይላል። ለብሮንሽቴይን ጥርጣሬ የሚቀርበው፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ ይህ ሁለተኛው ነው፤ በሁለቱ መካከል ለመፍረድ የሚበቃ ሙከራ ግን እስከ ዛሬ አልተሠራም።