የእርጎን ጥቅም የመረመሩት ሳይንቲስት፦ ኤልያ ሜችኒኮቭ

በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ ወተት አርግቶ መጠጣት ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። ወተትን የሚያረጉት ረቂቅ ተሕዋስያን ለጤና ያላቸውን ድርሻ በሳይንስ መንገድ ከመረመሩት ቀዳሚዎች አንዱ ኤልያ ሜችኒኮቭ ናቸው።

ሜችኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1845 በዛሬዋ ዩክሬን፣ በካርኪቭ አቅራቢያ ተወለዱ። በ1882 በጣሊያን መሲና በኮከብ ዓሣ እጭ ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ባዕድ ነገርን እየዋጡ ሰውነትን የሚከላከሉ ሕዋሳትን ለዩ። ከ1888 ጀምሮ በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሠሩ፤ በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ፊታቸውን ወደ አንጀት እንዲመልሱ ያደረጋቸው ኮሌራ ነበር። በ1892 የኮሌራ ተሕዋስያን ያሉበትን ፈሳሽ ራሳቸው ጠጡ፤ አልታመሙም። በኋላ የጠጣ አንድ ፈቃደኛ ግን ከሞት አፋፍ ተመለሰ። የልዩነቱን ምክንያት ሲፈልጉ፣ በአንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የበሽታ ተሕዋስያንን ሊገቱም ሊያግዙም እንደሚችሉ ተገነዘቡ። ከዚያም የቡልጋሪያ ገበሬዎችን ረጅም ዕድሜ ከእርጎ ጋር አያይዘው፣ እርጎ እርጅናን ያዘገያል የሚል አስተያየት አቀረቡ፤ ራሳቸውም አዘውትረው ይጠጡ ነበር። በ1916 በ71 ዓመታቸው ፓሪስ ውስጥ አረፉ።

እርጎ እርጅናን ስለማዘግየቱ ማረጋገጫ አልተገኘም። የአንጀት ባክቴሪያዎች ለምግብ መፈጨትና ለበሽታ መከላከል ያላቸው ፋይዳ ግን ዛሬ የታወቀ ነው። ሆኖም ያልፈላ ወተት ቲቢንና ብሩሴሎሲስን ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ወተቱን አፍልቶና አቀዝቅዞ በንጹሕ እርሾ ማርጋት የቤተሰብን ጤና ይጠብቃል።