ሉዊስ ብራንዳይስ፤ የገመናና የሸማች ጠበቃ

በአገራችን ቋንቋ ገመና የሚባለው ቃል ክብደት ያለው ቃል ነው። የሰው ገመና የሸፈነ ይመሰገናል፤ የገለጠ ይነቀፋል፤ በዐደባባይ ያሰጣም ከሰው አይቈጠርም። ነገር ግን ገመና የሚጠበቀው በይሉኝታና በጨዋነት ብቻ ነው ወይስ ሕግም ሊጠብቀው ይገባል? ሕግ ቢጠብቀውስ ዕቃ ገዝቶ ለሚኖረው ለተራው ሰው ጥቅም ነው ወይስ ጉዳት? ይህ ጥያቄ ዛሬ የእጅ ስልክ በያዘ ሰው ሁሉ ፊት የቆመ ጥያቄ ነው። የእጅ ስልክ ገና ሳይታሰብ ስለዚህ ነገር ብዙ ከደከሙት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሉዊስ ብራንዳይስ ስለ ሆነ፤ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ ለትምህርት ጓደኞቼ ለማቅረብ ወደድሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ብራንዳይስ ኖቬምበር 13 ቀን 1856 በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ በ1848 በአውሮጳ የተነሣው የነጻነት ንቅናቄ ከከሸፈ በኋላ ከፕራግ ተነሥተው የመጡ አይሁድ ነበሩ፤ አባቱም የእህል ነጋዴ ነበር። ኬንታኪ ባሪያ የሚሸጥበትና የሚገዛበት አገር ሲሆን የብራንዳይስ ቤተ ሰብ ግን ባርነትን ይጠላ ነበር። በተለይ የእናቱ ወንድም ሉዊስ ዴምቢትዝ የተባለው ጠበቃ የባርነት ብርቱ ተቃዋሚ ነበር፤ ልጁም አጎቱን ከመውደዱና ከማክበሩ የተነሣ ዴቪድ የሚለውን መካከለኛ ስሙን ትቶ ዴምቢትዝ ተባለ። እንግዲህ ለተበደለ መቆምን ከቤቱ ተማረ ማለት ነው።

ቤተ ሰቡ በ1872 ወደ አውሮጳ ሲሄድ አብሮ ሄዶ በድሬስደን ከተማ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1875 ወደ አገሩ ተመልሶ፤ የኮሌጅ ዲግሪ ሳይኖረው፤ ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ሳለ ዐይኑ ስለ ደከመበት ጓደኞቹ መጻሕፍቱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡለት እየሰማ በቃሉ ይይዝ ነበር። እንዲህም ሆኖ በ1877 ገና 20 ዓመት ሳለ ትምህርቱን የጨረሰው እስከዚያ ድረስ በትምህርት ቤቱ ማንም ያላገኘውን ማርክ አግኝቶ ነው። መብራት ጠፋ፤ መጽሐፍ ታጣ እያልን ለምናማርር ለእኛ ይህ ብቻውን ትምህርት ሊሆነን ይችላል።

በ1879 ከትምህርት ጓደኛው ከሳሙኤል ዋረን ጋር በቦስተን ከተማ የጥብቅና ቤት ከፈተ። ዋረን የባለጠጋ የወረቀት ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ነበር፤ ያገባውም የሴናተር ልጅ ስለ ነበረ የቦስተን ጋዜጦች በቤቱ የሚደረገውን ግብዣ ሁሉ እየተከታተሉ ማውራታቸው ያናድደው ነበር ይባላል። ዘመኑ ጋዜጣ የበዛበት ዘመን ነበር። በ1888 ደግሞ ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን በእጅ የሚያዝ የፎቶግራፍ መሣሪያ ለገበያ አወጣ። ከዚያ በፊት ፎቶግራፍ ለመነሣት ሰው ወደ ፎቶግራፍ አንሺው ሄዶ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ግን ሳያውቀውና ሳይፈቅድ መንገድ ላይ ሊነሣ ቻለ።

ሁለቱ ጠበቆች ይህን አይተው ዲሴምበር 15 ቀን 1890 በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ላይ ስለ ገመና መብት አንድ ጽሑፍ አወጡ። የክርክራቸው ሥር ይህ ነው፤ ሕግ በመጀመሪያ የሰውን አካልና ከብቱን ከሌባና ከደብዳቢ ይጠብቅ ነበር፤ ቀጥሎም በዐይን የማይታየውን፤ ስምንና የደራሲን ሥራ መጠበቅ ጀመረ፤ እንግዲህ የሰውን የልብ ሰላምና የግል ኑሮውንም ሊጠብቅ ይገባል አሉ። ይህንንም ከራሳቸው ፈጥረው አላመጡትም። ደብዳቤውን ያላሳተመ ሰው ሌላ እንዳያሳትምበት የሚከለክሉትን፤ በአደራ የተነገረ ምስጢር እንዳይወጣ የሚያዙትን የቆዩ ፍርዶች ሰብስበው፤ ከሁሉ በታች ያለው መሠረት አንድ ነው ብለው አሳዩ። በዚያን ጊዜ ብራንዳይስ የ34 ዓመት ሰው ነበር።

ሐሳቡ በፍርድ ቤት ወዲያው አልተቀበለም። በኒው ዮርክ ግዛት አንድ የዱቄት ኩባንያ የአንዲት ወጣት ሴት ፎቶግራፍ ሳያስፈቅዳት 25,000 ማስታወቂያ ላይ አትሞ በየሱቁና በየመጠጥ ቤቱ አሰቀለው። ልጅቱ ከሰሰች። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ1902 አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ፤ እንዲህ ያለ መብት በሕግ የለም ብሎ ፈረደባት። ሕዝቡ በፍርዱ ስለ ተቈጣ በሚከተለው ዓመት የኒው ዮርክ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የሰውን ስምና መልክ ያለ ፈቃዱ ለንግድ ማዋልን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በ1905 ደግሞ የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የገመናን መብት ተቀበለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል፤ የገመና ክርክር ገና ከጥንቱ የንግድ ክርክር ነበረ። የልጅቱ መልክ ዱቄት እንዲሸጥ የሚረዳ ዕቃ ሆኖ ነበርና፤ ጥያቄው ዕቃው የማን ነው? ትርፉስ የማን ነው? የሚል ነበር።

ብራንዳይስ በጥብቅና ሥራው ከበለጸገ በኋላ ለሕዝብ ጥቅም በሚከራከርበት ጊዜ ዋጋ አልቀበልም ማለት ጀመረ፤ ስለዚህ የሕዝብ ጠበቃ የሚል ስም ወጣለት። በቦስተን የጋዝ ኩባንያዎች ተጠቃለው አንድ ሲሆኑ፤ ሌሎች ኩባንያው ይሰባበር ወይም ይወረስ ሲሉ እርሱ ሌላ መንገድ ፈለገ። በ1906 በወጣው ሕግ የ1,000 ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ ዋጋ 90 ሴንት ሆነ፤ ኩባንያው ከዚህ ላይ 5 ሴንት በቀነሰ ቍጥር ለባለ አክሲዮኖቹ አንድ በመቶ ጨምሮ እንዲያካፍል ተፈቀደለት። እነሆ ነጋዴው የሚጠቀመው ገዢው ሲጠቀም ብቻ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ዋጋው ወደ 80 ሴንት ወረደ።

ቀጥሎ የሠራተኞችን የሕይወት ኢንሹራንስ ነገር መረመረ። ኩባንያዎቹ በየሳምንቱ ገንዘብ ሰብሳቢ በየቤቱ እየላኩ ከድኻው ጥቂት ጥቂት ይወስዱ ነበር። ከተሰበሰበው ብዙው ለሰብሳቢው ደመወዝና ለሌላ ወጪ ይውላል፤ ድኻው አንድ ጊዜ መክፈል ሲያቅተው የከፈለው ሁሉ ይቀርበታል። ብራንዳይስ ሒሳቡን ቈጥሮ አሳየና በ1907 የማሳቹሴትስ ግዛት የቍጠባ ባንኮች ኢንሹራንሱን በርካሽ እንዲሸጡ ፈቀደ። ይህን ሥራ እርሱ ራሱ ከሠራው ሁሉ አብልጦ ይወደው ነበር።

በ1914 የሌሎች ሰዎች ገንዘብ የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህም ትልልቆቹ ባንኮች ሕዝቡ ባስቀመጠው ገንዘብ ራሱን ሕዝቡን እንዴት እንደሚገዙት ገለጠ፤ መድኃኒቱም ሥራቸውን በፀሐይ ብርሃን ማስጣት ነው አለ። አንባቢ እዚህ ላይ፤ ትናንት ገመና ይሸፈን ሲል የነበረ ሰው ዛሬ ይገለጥ አለ፤ ይህ እንዴት ይሆናል? ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ነገሩ ግን አይጋጭም። ስለ ገመና የጻፈው ጽሑፍ ከወጣ ከሁለት ወር በኋላ፤ በ1891፤ ለእጮኛው ለአሊስ ጎልድማርክ በላከው ደብዳቤ ስለ ግልጽነት ግዴታም እንዲሁ መጻፍ እንደሚመኝ ነግሯት ነበር። ደካማው ሰው መጋረጃ ያስፈልገዋል፤ ኀይለኛው ግን መስኮት ያስፈልገዋል። የብራንዳይስ ትምህርት ሁሉ ከዚህ ይጠቀለላል።

ፕሬዚዳንት ዊልሰን ምክሩን ይሰማው ነበር፤ በ1914 የፌዴራል ንግድ ኮሚሲዮን ሲቋቋም ከአማካሪዎቹ አንዱ ብራንዳይስ ነበር። በጃኑዋሪ 1916 ዊልሰን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ሲያጨው ግን ታላቅ ጩኸት ሆነ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ታፍትና የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ተቃወሙት። ገንዘብ ያላቸው በሥራው፤ ሌሎችም በአይሁድነቱ ጠሉት። ከአራት ወር ክርክር በኋላ ጁን 1 ቀን ሴኔቱ 47 ለ22 በሆነ ድምፅ አጸደቀለትና በዚያ ወንበር የተቀመጠ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ሆነ።

በ1928 የገመና ነገር እንደ ገና ከፊቱ ቀረበ። በሲያትል ከተማ የተከለከለ መጠጥ በሚነግዱ ሰዎች ላይ የመንግሥት ሠራተኞች ቤታቸው ሳይገቡ፤ ከውጭ የስልክ ሽቦ ጠልፈው ለወራት ንግግራቸውን ሰምተው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፤ ቤት አልተሰበረም፤ ዕቃም አልተወሰደምና ሕግ አልተጣሰም አለ። ይህን ፍርድ የጻፈው ያ የቀድሞ ተቃዋሚው ታፍት ነበር። ብራንዳይስ በልዩነት ጻፈ። መሣሪያ ሲለወጥ የሕጉ ትርጓሜ አብሮ መሄድ አለበት፤ አንድ ቀን መንግሥት የሰውን ወረቀት ከመሳቢያው ሳያወጣ ሊያነብ የሚችልበት ዘዴ ይመጣል ብሎ አስጠነቀቀ። ያ ፍርድ የተሻረው በ1967፤ ብራንዳይስ ከሞተ ከ26 ዓመት በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ሰውን ያለ ነቀፋ ማመስገን የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም። ብራንዳይስ ትልቅነትን ከመፍራቱ የተነሣ፤ ፋብሪካ ለዕቃው የችርቻሮ ዋጋ ቈርጦ ሱቆች ከዚያ በታች እንዳይሸጡ ቢያደርግ ትንንሽ ነጋዴዎች ይድናሉ ብሎ ይከራከር ነበር። ትንሹ ነጋዴ ይዳን ይሆናል፤ ገዢው ግን አብልጦ ይከፍላል። በዚህም የነቀፉት አሉ። ስለ ገመናም በ1978 ሪቻርድ ፖስነር፤ ገመና ብዙ ጊዜ ጉድን መሸፈኛ ነው፤ አበዳሪ የተበዳሪውን ታሪክ ካላወቀ ታማኙ ሰው የአጭበርባሪውን ወለድ ይከፍላል የሚል ክርክር አቀረበ።

ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። መርካቶ ገብቶ ዋጋ የተከራከረ ሁሉ የቀረውን ግማሽ ያውቀዋል። ገዢው በኪሱ ያለውን ገንዘብ አስቀድሞ ቢያሳይ፤ ዕቃውም እጅግ እንደሚያስፈልገው ቢናገር፤ ክርክሩ ሳይጀመር አበቃ። የዛሬው ሻጭ ደግሞ ሳንነግረው ምን እንደምንፈልግና ምን ያህል መክፈል እንደምንችል ከስልካችን ያውቃል፤ እኛ ግን የእርሱን መዝገብ አናይም። ደካማው ተራቁቶ ኀይለኛው ተሸፈነ ማለት ነው፤ ይህም ብራንዳይስ ከተመኘው ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ስለዚህ መንግሥታት ሕግ ያወጣሉ። የአውሮጳ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን እንዲያይ፤ እንዲያሳርምና እንዲያሰርዝ መብት ሰጠው። ነገር ግን ወጪም አለበት። ኢኮኖሚስቶች ባደረጉት አንድ ጥናት ከደንቡ የተነሣ በጉግል ገበያ ከነበሩት የስልክ መተግበሪያዎች ሲሶ ያህሉ ወጡ፤ አዲስ የሚገቡትም በግማሽ ያህል ቀነሱ። ጠበቃ ቀጥሮ ደንቡን መፈጸም ለትልቁ ኩባንያ ቀላል ነው፤ ለትንሹ ግን ከባድ ነው። ማንም የማያነበው ረጅም ውል ሥር እስማማለሁ የሚለውን መጫንም እውነተኛ ፈቃድ አይባልም።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። የ1960 የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፤ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ያች የኒው ዮርክ ልጅ ያጣችውን መብት ማለት ነው። የ1995 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደነገገ፤ በ2024 ደግሞ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ወጣ። እንግዲህ ሕግ አጣን ለማለት አንችልም። የሚቀረው ሕጉን እንደ ብራንዳይስ ሒሳብ እየቈጠሩ መመርመር ነው፤ ይኸውም ማን ተጠቀመ? ማን ተጐዳ? ሻጩ ከሚያገኘው ትርፍ ገዢው ድርሻ አለውን? ብሎ መጠየቅ ነው።

ብራንዳይስ በፌብሩዋሪ 1939 ከዳኝነቱ በፈቃዱ ተሰናብቶ ኦክቶበር 5 ቀን 1941 በዋሽንግተን ዐረፈ። ዐመዱ በተወለደበት ከተማ በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በረንዳ ሥር ተቀብሯል። የሕግ ተማሪዎች በየቀኑ ወደ ክፍላቸው ሲገቡ በዚያ ያልፋሉ።