ሰባስቲያን ፊንስተርዋልደር እና በከፊል የታወቁ የመሬት ነጥቦች

ሰባስቲያን ፊንስተርዋልደር እ.ኤ.አ. በ1862 ባቫሪያ ውስጥ በምትገኘው የሮዘንሃይም ከተማ ተወለዱ። በ1886 በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ዶክትሬታቸውን ካገኙ በኋላ፣ በ1891 በሙኒክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ፤ ረጅሙን የማስተማር ዘመናቸውንም በዚያው አሳለፉ።

ወደ ፎቶግራሜትሪ የመራቸው የበረዶ ግግር ጥናት ነው። በ1889 በኦስትሪያ ኤትስታል ተራሮች የሚገኘውን የፈርናግት ግግር በፎቶግራፍ ለኩ። በዚያ ሥራ ካሜራው የሚቆመው በምድር ላይ ስለነበር፣ የጣቢያው ቦታ አስቀድሞ በቴዎዶላይት ይወሰናል፤ የግግሩም ነጥቦች ከታወቁት ጣቢያዎች በሚነሡ ጨረሮች መገናኛ ላይ ይገኛሉ።

በ1899 በኢን ወንዝ ዳር ያለችው ጋርስ ከፊኛ ፎቶግራፍ ስትነሣ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ፊኛው ይዋልላል፤ ካሜራው የት እንደነበረና ወዴት እንዳዘነበለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የካሜራውን አቋም መሬቱ ራሱ መንገር ነበረበት። ፊንስተርዋልደር ችግሩን ለሁለት ከፈሉት። መጀመሪያ ሁለቱ ፎቶግራፎች እርስ በርስ እንዲስማሙ ይደረጋል፤ ከዚህ የሚገኘው ሞዴል ቅርጹ የተስተካከለ ቢሆንም ልኬት፣ ቦታና አቅጣጫ የለውም። ቀጥሎ ሞዴሉ በመሬት ላይ ይተከላል። ይህ ሁለተኛው እርምጃ ሰባት የማይታወቁ መጠኖች አሉት፤ ሦስቱ ለሽግሽግ፣ ሦስቱ ለዙረት፣ አንዱ ለልኬት።

በሦስቱም ኮኦርዲኔቶች የታወቁ ሁለት ነጥቦች ስድስት እኩልታ ይሰጣሉ። ሞዴሉ ግን በሁለቱ ነጥቦች መካከል ባለው መስመር ዙሪያ አሁንም እንደ በር ይዞራል፤ ከመስመሩ ውጭ ያለ የአንድ ሦስተኛ ነጥብ ከፍታ ብቻ ያቆመዋል። ከዚህም ይልቅ የሚገርመው፣ አንድም ነጥብ ሙሉ በሙሉ ሳይታወቅ ሰባቱን ማሟላት መቻሉ ነው፤ በአግድም ብቻ የታወቁ ሁለት ነጥቦች አራት እኩልታ ሲሰጡ፣ በአንድ መስመር ላይ ያልተሰለፉ ሦስት የከፍታ ነጥቦች ቀሪዎቹን ሦስት ይሰጣሉ። በተግባርም የሚገኘው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ግማሽ ዕውቀት ነው። የይዞታ ካርታ የማሳን ጥግ በአግድም እንጂ በከፍታ አይሰጥም፤ የሐይቅ ዳርቻ ደግሞ ከፍታው ባይታወቅ እንኳ ነጥቦቹ እኩል መሆናቸውን ይመሰክራል። ወንዝ ግን ቁልቁል ስለሚፈስ እንደ ሐይቅ የሚቆጥረው ሰው ሞዴሉን ያዘነብለዋል።

የጋርስ ሥራ በ1903 ሲታተም ዘዴው በሒሳብ የተሟላ ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ነጥብ በእጅ መሰላት ስለነበረበት ተከታይ ሊበዛለት አልቻለም። ለዐሥርተ ዓመታት የነገሡት ሞዴሉን በብሎን እያዞሩ የሚያስተካክሉ መሣሪያዎች ሆኑ። በእነርሱም ባለሙያው ልኬቱን ከአግድም ነጥቦች፣ ድልዳሉን ከከፍታ ነጥቦች እየለየ ያስይዝ ነበር።

ፊንስተርዋልደር በ1951 በሙኒክ አረፉ። የኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር የእርሳቸውን የስሌት መንገድ ወደ ሥራ የመለሰው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ በጋራ የጨረር ማስተካከያ ስሌት ውስጥ ከፍታው ብቻ የታወቀ ነጥብ አንድ እኩልታ ይጨምራል፤ ሁለቱ አግድም ኮኦርዲኔቶቹ ከካሜራው አቋም ጋር አብረው የሚፈለጉ መጠኖች ሆነው ይቆያሉ።